ክረምት የልጆች ዕረፍት ነው፤ የመዝናኛ ፓርኮቻችን ግን ለዝናብ አልተዘጋጁም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሐምሌ ወር ሦስተኛው ቅዳሜ ከልጄና ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር በአዲስ አበባ ዳርቻ ወደሚገኝ አንድ የመዝናኛ ፓርክ ሄጄ ያየሁትን፣ ከዚያም ተነሥቼ መስተካከል አለበት የምለውን ለአንባቢያንና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ለማሳወቅ ነው። የፓርኩን ስም አልጠቅስም። በሌሎች ፓርኮችም ተመሳሳይ ነገር እንደገጠማቸው ከጎረቤቶቼ ሰምቻለሁ፤ ፍላጎቴም አንድን ድርጅት ማሳጣት ሳይሆን በክረምት ልጅ ይዞ የሚወጣ ቤተሰብ ሁሉ መጠለያ፣ ሙቅ ነገርና አስተማማኝ ጨዋታ እንዲያገኝ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሙያ ሠርቻለሁ። የልጅ ልጆቼ ወንዱ 6 ዓመቱ፣ ሴቷ 4 ዓመቷ ነው። እናታቸው በሥራ ቀን ማለዳ ወጥታ ማታ ስለምትመለስ፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ቀኑን የሚውሉት ከእኔ ጋር ነው። ስለዚህ ክረምት ለልጅ ምን ማለት እንደሆነ በየቀኑ በዓይኔ አያለሁ።

በበጋው ወራት ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ቅዳሜ የቤት ሥራ አለበት፤ እሑድ ደግሞ ከወላጆቹ ጋር ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። እውነተኛ ዕረፍት የሚያገኘው ሐምሌ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ግን ከሕንጻው ሥር ያለው ሜዳ ጭቃ ይሆናል፣ ደረጃው በየሰው ጫማ ይረጥባል፣ መተላለፊያው ላይ ኳስ ሲመታ ጎረቤት ይቆጣል። የቀረው ቴሌቪዥንና የእናት ስልክ ነው። የልጅ ልጄ አንድ ቀን ከመስኮቱ ሥር ወንበር አስጠግቶ ቆሞ፣ መስታወቱ ላይ የሚወርደውን ውኃ በጣቱ እየተከተለ ረጅም ጊዜ ሲቆይ አየሁት። ምን እያደረገ እንደሆነ ስጠይቀው «አባባ፣ የቱ ቀድሞ እንደሚወርድ እያወዳደርኩ ነው» አለኝ። ወደ ፓርኩ ልውሰዳቸው ብዬ የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። እናትየዋም ለሁለት ሳምንት ከወጪ ላይ እየቀነሰች ለመግቢያና ለጨዋታ የሚሆን ገንዘብ አጠራቀመች።

አንዳንድ ጎረቤቶቻችን «ልጅ በክረምት ቤቱ ይቀመጥ፤ ብርድ ይመታዋል» አሉን። አሳባቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን አልተቀበልኩትም። ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ የሚውል ልጅም አይተርፍለትም። ለልጅ አደገኛው ነገር ወደ ውጭ መውጣቱ ሳይሆን ረጥቦ መቆየቱ ነው። የሕፃን ገላ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ከአዋቂ ይልቅ ሰፊ በመሆኑ ሙቀት ቶሎ ያመልጠዋል፤ የረጠበ ልብስ ደግሞ ሙቀቱን ይበልጥ ይወስድበታል። ስለዚህ ልጁ የሚደርቅበትና የሚሞቅበት ስፍራ እስካለ ድረስ በክረምት መጫወት ይችላል። ነገሬ ሁሉ የሚያርፈውም እዚሁ ላይ ነው።

የአዲስ አበባ ክረምት ጠባዩ የታወቀ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚጥልባቸው ወራት ናቸው፤ ፀሐይ በደመና ስለምትሸፈን የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል። ከተማዋ በአንድ ከፍታ ላይ ያለች አይደለችም፤ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ የሆነው ምድር እንጦጦ ላይ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ የተነሣ ቦሌ ላይ በሹራብ የሚበቃው ልጅ እንጦጦ ላይ ካፖርት ያስፈልገዋል፤ ልዩነቱ እስከ 4 ዲግሪ ይደርሳልና። ይሁን እንጂ ክረምት ማለት ቀኑን ሙሉ ዝናብ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋቱ ይገልጣል፣ ወደ እኩለ ቀን ደመናው ይከማቻል፣ ኃይለኛው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ይህን ገበሬውም፣ ልብስ አጥቢዋም፣ በርበሬ የምታሰጣው እናትም ያውቃሉ።

እኛም ይህንኑ አስበን ማልደን ተነሣን። ልጆቹን ደራርበን አልብሰን፣ ቦት ጫማ አጫምተን፣ በፌስታል አንዳንድ ቅያሪ ካልሲ ይዘን፣ ሁለት ሚኒባስ ታክሲና አንድ ባጃጅ ለዋውጠን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከፓርኩ በር ደረስን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። በሩ ግን ዝግ ነው። ጥበቃው በትሕትና «የምንከፍተው 4 ሰዓት ነው፣ አባት» አለኝ። በሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ላይ የመክፈቻ ሰዓት አልተጻፈበትም፤ ስልክ ደውለን ብንጠይቅ ኖሮ እናውቅ ነበር ቢባል እንኳ ከእኛ ሌላ ሦስት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እንዳቀፉ እዚያው ቆመው ነበር። በዚያ ፀሐያማ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አጥር ሥር ቆምን። በክረምት ቀን ለልጅ ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ይኸው ነው፤ ባክኖ ቀረ። በሩ የሚከፈትበት ሰዓት የተወሰነው ጠዋት ትምህርትና ሥራ ያለበትን የበጋ ሰው በማሰብ እንደሆነ እገምታለሁ። በክረምት 2 ሰዓት ላይ ከፍቶ 9 ሰዓት ላይ መዝጋት ለድርጅቱ ተጨማሪ ወጪ የሚያመጣ አይመስለኝም፤ ለልጆች ግን ሁለት ደረቅ ሰዓት ይጨምርላቸዋል።

ገብተን ለእያንዳንዱ ጨዋታ የሚያገለግሉ 12 ትኬቶች ገዛን። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት እጅግ ደስ የሚሉ ነበሩ። ልጆቹ በሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ ወጡ፤ ትንሿ ነጩን ፈረስ አንገቱን አቅፋ አልወርድም ብላ ሁለተኛ ትኬት ከፈልን። ወንዱ በትንሿ ባቡር ተሳፍሮ ባለፈ ቁጥር እጁን ያውለበልብልኝና ስንተኛ ዙር እንደሆነ በጣቱ ያሳየኝ ነበር። ሠራተኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ልጆቹን በስስት ሲይዙ፣ ቀበቷቸውን ደግመው ሲፈትሹ አይቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ቅሬታ እነርሱን የሚመለከት አይደለም። የሚመለከተው ፓርኩን የሠሩትንና የሚያስተዳድሩትን ነው።

እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ በአየር ወደሚነፋው የመዝለያ ቤት ገቡ። ይህ መጫወቻ ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ ሆኖ ቅርጹን ይዞ የሚቆመው አንድ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ያለማቋረጥ አየር ስለሚሞላው ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ከእንጦጦ በኩል የመጣው ደመና ፀሐይን ጋርዶ ነፋሱ ተነሣ። ውስጥ ስምንት ያህል ልጆች እየዘለሉ ሳለ መብራት ጠፋ። የማራገቢያው ድምፅ ቆመ፤ የቤቱ ጣሪያ ቀስ እያለ መሟሸሽ ጀመረ፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተኛ። ልጆቹ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ፤ ጨርቁ ራሳቸው ላይ ሲደርስ ግን ይጮኹ ጀመር። አንድ ወጣት ሠራተኛና እኛ ወላጆች ተረባርበን መግቢያውን ወደ ላይ አንሥተን ያዝን፣ ልጆቹም በጉልበታቸው እየዳሁ አንድ በአንድ ወጡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ ልጅ የለም። የልጅ ልጄ ግን የመጨረሻዋ ስለነበረች፣ ከጨርቁ ሥር ትንሽ እጇን አውጥታ ጣቶቿን ስትዘረጋ ያየሁበት ቅጽበት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

መብራት በክረምት እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ነፋስ ቅርንጫፍ ጥሎ ሽቦ ያገናኛል፣ መብረቅ መስመር ይመታል፣ እርጥበት መሣሪያ ያበላሻል። ስለዚህ በማራገቢያ የሚቆም መጫወቻ ያለው ድርጅት መብራት በጠፋ ጊዜ ወዲያው የሚነሣ ጀነሬተር ወይም ተጠባባቂ ማራገቢያ ሊኖረው፣ ከልጆቹ አጠገብ ሆኖ የሚያወጣቸው ሰውም ከቦታው የማይለይ ሊሆን ይገባል። ጀነሬተሩማ ነበረ፤ የሚያስነሣው ሰው ግን ከሌላው የፓርኩ ጫፍ ሮጦ እስኪመጣ ድረስ ልጆቹ ወጥተው አልቀው ነበር። ነፋሱም ቢሆን የራሱ ገደብ አለው። በአውሮፓ ለእንዲህ ዓይነት መጫወቻዎች የወጣው የደኅንነት ደረጃ ነፋሱ በሰዓት ከ38 ኪሎ ሜትር ካለፈ ልጅ እንዳይገባባቸው ይከለክላል፤ ጨርቁ ከነልጆቹ ሊነሣ ስለሚችል ነው። ነፋስ መለኪያዋ በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ናት። ያለ እርሷም ቢሆን ትልልቅ ቅርንጫፎች ሲወዛወዙ ያየ ኃላፊ ጨዋታውን ማስቆም አይከብደውም።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ፤ በመካከሉም በረዶ ነበረበት። ሰው ሁሉ መጠለያ ፍለጋ ተበተነ። በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ ጣሪያ ያለው ስፍራ ካፌው ብቻ ነው። ካፌው ሞላ፤ በሩ ላይ የቆመችው ልጅም ያላዘዘ ሰው እንዳይገባ የታዘዘች በመሆኗ ልጅ የታቀፉትን ሳይቀር እየመለሰች ነበር። ፊቷ ላይ ኀፍረት ይነበብ ስለነበር አልተቀየምኳትም። የቀረው ሕዝብ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሮጠ። እኔን ያስደነገጠኝ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም መብረቅ እየበረቀ ነበር። መብረቅ ረጅሙን ነገር ይመርጣል፤ ዛፍ ሥር የተጠለለ ሰው ዛፉ ሲመታ አብሮ ይመታል። ርቀቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ መቁጠር ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሴኮንድ ገደማ ይወስድበታል። ቆጥረን 30 ሳይሞላ ከጮኸ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ማንኛውም የውጭ ጨዋታ መቆም፣ ሰውም ቤት ውስጥ ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ መግባት አለበት፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። እኔ ስቆጥር 7 ላይ ደረስኩ። ከዛፉ ሥር ያሉትን ሰዎች «ከዛፍ ሥር ውጡ!» እያልኩ ጮኽኩ፤ ግማሹ ሰማኝ፣ ግማሹ አልሰማኝም። በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ የሚያሰማ ፓርክ በዚያው ማጉያ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው አልነበረውም።

እኔና ልጄ ልጆቹን አዝለን በዝናቡ ወደ በሩ ወጣን። የእኔ ጋቢ ትንሿን ሸፍኗት ነበር፤ ወንዱ ግን እስከ ገላው ድረስ ርሶ ነበር። ከበሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንዲት በቆሎ ጠባሽ አራት ቋሚ እንጨት ተክላ ሰማያዊ ላስቲክ ወጥራ ተቀምጣለች። ስታየን ከመቀመጫዋ ተነሥታ «አባቴ፣ ልጆቹን ወደዚህ ያምጧቸው፤ ወደ እሳቱ ይጠጉ» አለችን። የተገለበጠ ሣጥን አጸዳችና ልጁን አስቀመጠችው። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ስለነበር «ቦቴን አውልቂልኝ» ለማለት እንኳ አልቻለም። እናቱ ቦቱን ስታወልቀው ውኃ ፈሰሰ። ቅያሪ ካልሲው ደረቅ ነበር፤ ቦቱ ውስጡ ስለረጠበ ግን ሴትዮዋ በእያንዳንዱ እግሩ ላይ ፌስታል አጥልቃ ቦቱን መልሳ አደረገችለት። ከዚያም አንድ የተጠበሰ በቆሎ ከሁለት ሰብራ ለልጆቹ ሰጠቻቸው፤ ለመብላት ሳይሆን መጀመሪያ እጃቸውን እንዲያሞቁበት ነው። ጥቂት ቆይቶ የልጁ ጣቶች ቀላ አሉ። ገንዘብ ስሰጣት የበቆሎውን ብቻ ቆጥራ ወሰደች። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

በዚያ ላስቲክ ሥር ተቀምጬ ያሰብኩትን ነው አሁን የምጽፈው። ያቺ ሴት ዝናብ እንደሚመጣ ስለምታውቅ ተዘጋጅታ ወጣች። ብዙ ብር የሚያወጣ መሣሪያ ያስመጣው ድርጅት ግን አንድ ዳስ አልሠራም። ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ፣ መቶ ሰው የሚያስጠልል ዳስ ለመሥራት የሚጠይቀው ወጪ ከአንዱ መሽከርከሪያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ለመብረቅም ቢሆን እንዲህ ያለው ዳስ በደንብ የተዘረጋ የመብረቅ መከላከያና የምድር መስመር እንዲኖረው ማድረግ በሙያዬ የማውቀው፣ ከአቅም በላይ ያልሆነ ሥራ ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት፣ ልጆቹ ባቡሩ ላይ ሳሉ፣ ወደ መዝለያው ቤት የሚሄደውን ገመድ በዓይኔ ተከትዬው ነበር። ገመዱ ሣር ላይ የተጎተተ ነው። በመካከሉ ተቆርጦ የተቀጠለ ሲሆን መቀጠያው በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ናስትሮው ደግሞ አርጅቶ ጠርዙ ተላጥጧል። መቀጠያው ያረፈው የልጆች ጫማ በሚደረደርበት ዝቅ ያለ ስፍራ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃ የሚቋጥረውም እዚያው ነው። ናስትሮ ውኃ አይከላከልም፤ ለጊዜው የሚያገለግለውም ደረቅ ቦታ ላይ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ ገመድ ከውኃ ጋር ተገናኝቶ፣ በባዶ እግሩ ወይም በረጠበ ካልሲ የቆመ ሕፃን ቢነካው ምን እንደሚሆን መናገር አልፈልግም። ለኃላፊው ነገርኩት፤ አመስግኖኝ «እናስተካክለዋለን» አለ። መስተካከሉን ሳላይ ዝናቡ መጣ።

ይህ የሚስተካከልበት መንገድ አዲስ ግኝት አይደለም። ገመዱ በቱቦ ውስጥ ሆኖ መሬት ውስጥ መቀበር ወይም ከሰው ቁመት በላይ መሰቀል አለበት። መቀጠያ ካስፈለገ ውኃ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ መጫወቻ የራሱ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ይህ መሣሪያ ወደ መጫወቻው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ ያነጻጽራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ያህል እንኳ ወደ ምድር ወይም ወደ ሰው ገላ ካፈተለከ ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መስመሩን ይቆርጣል። ተራው ፊውዝ ይህን አያደርግም፤ እርሱ የሚጠብቀው ሽቦውን ከቃጠሎ ነው፣ ሰውን አይደለም። ብሬከሩ ላይ «ቴስት» የምትል ቁልፍ አለች፤ በየጠዋቱ ፓርኩ ከመከፈቱ በፊት እርሷን ተጭኖ መሥራቱን ማረጋገጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የመዝናኛ ፓርክ ባለቤቶች ይህን ደብዳቤ ካነበቡ፣ ሌላውን ሁሉ ቢተዉት እንኳ ይህን አንዱን እንዲፈጽሙ እለምናቸዋለሁ።

ወደ ትኬቱ ልመለስ። ዝናቡ ሲያባራ 8 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ መሽከርከሪያዎቹ ሁሉ ረጥበው ስለነበር በዚያ ቀን አይሠሩም ተባለ። ይህ ውሳኔ ትክክል ነው፤ የረጠበ ፍሬን እንደ ደረቁ አይዝም፣ የረጠበ መቀመጫም ልጅ ያንሸራትታል። ነገር ግን እጃችን ላይ አራት ያልተሠራባቸው ትኬቶች ቀርተው ነበር። ትኬት ቤት ስንጠይቅ «በዕለቱ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል» አሉን። ገልብጠን ስናይ በእርግጥ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ከመግዛታችን በፊት ግን ማንም አልነገረንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከሕጉም በፊት የኅሊና ጉዳይ አለ፤ ጨዋታውን ያቆመው እኛ ሳንሆን ዝናቡ ነው። ገንዘቡ ይመለስ አላልንም። ሌላ ቀን መጥተን ልጆቹ ይጫወቱበት ነው ያልነው። በክረምት የሚሸጥ ትኬት እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲያገለግል ቢደረግ ድርጅቱ የሚያጣው ነገር የለም፤ እንዲያውም ቤተሰቡ ሁለተኛ ጊዜ ስለሚመጣ ምግብና መጠጥ ገዝቶ ይሄዳል።

ባለፉት ዓመታት በከተማችን ለሕዝብ የተከፈቱት ትልልቅ መናፈሻዎች፣ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ፣ ለልጆቻችን ብዙ ደስታ እንዳመጡ እመሰክራለሁ። ነገር ግን ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከጀሞ ተነሥቶ ሕፃን ይዞ ወደ መሐል ከተማ ወይም ወደ እንጦጦ መድረስ በክረምት ቀላል ጉዞ አይደለም። ብዙው ልጅ ያለው ቤተሰብ የሚኖረው ደግሞ በዳርቻው ነው። ስለዚህ በዳርቻው ያሉት ትንንሽ ፓርኮች ለእኛ ከትልልቆቹ ባልተናነሰ ያስፈልጉናል፤ ፈቃድ የሚሰጣቸውና የሚቆጣጠራቸው የከተማው አስተዳደር አካልም ከሰኔ ወር መጨረሻ በፊት፣ ማለትም ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ አስቀድሞ፣ በየፓርኩ ዞሮ የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ የመጠለያውን ስፋትና የጀነሬተሩን ሁኔታ ቢያይ ትልቅ ውለታ ይሆንልናል። ለመዝናኛ መሣሪያዎች ደኅንነት በዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣ መለኪያ፣ አይ.ኤስ.ኦ 17842 የሚባለው፣ አለ፤ ከባዶ መነሣት አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ሀገራችንም ስምምነቱን ከተቀበለች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ይህ መብት ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን አይቋረጥም።

በነሐሴ ልጅ ይዛችሁ ለመውጣት ላሰባችሁ ወላጆች ከስሕተታችን የተማርነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የሚከፈትበትን ሰዓትና ዝናብ ቢመጣ የትኬቱ ነገር ምን እንደሚሆን በስልክ ጠይቁ። ትኬት አንድ ላይ አትግዙ፣ ሁለት ሁለት እያላችሁ ግዙ። ካልሲ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቅያሪ ልብስና ፎጣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ በፔርሙስ ሻይ ወይም አጥሚት ቢኖር ደግሞ ከካፌ በር ላይ አትለምኑም። በፍልሰታ ለሚጾሙት ልጆች ቆሎና ዳቦ አይጠፋም። ደመናው ሲጠቁር ልጁ ቢያለቅስም እንኳ አንሡትና ውጡ።

ወንዱ የልጅ ልጄ ሁለት ቀን ጉንፋን ይዞት ዳነ። ትንሿ ስለ ጨርቁ ቤት ሌሊት አንድ ጊዜ ባንና አለቀሰች፤ አሁን ግን ስለ ነጩ ፈረስ ብቻ ነው የምታወራው። ቡሄ ሳያልፍ መልሰን እንድንወስዳቸው ሁለቱም በየቀኑ ይጠይቁኛል። አራቱን ትኬቶች አልጣልኳቸውም፤ ከመስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰክቻቸዋለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ሳልይዝ ብቻዬን ወደዚያ ፓርክ እሄዳለሁ። በመጀመሪያ ያን የተቀጠለ ገመድ አየዋለሁ፤ ተስተካክሎ ካገኘሁት ትኬቶቹን አሳይቼ ደግሜ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አያት፣ ከቱሉ ዲምቱ